ጾመ ነቢያት በኢየሩሳሌም

ቄሱ ብራናውን ዘርግተው ማንበብ ሲጀምሩ ዐይኔን ጨፈንኩ። ግእዝ ነው። የሚያነቡት ኦሪት ነው፤ ሙሴ በሲና ተራራ ዐሥሩን ቃላት የተቀበለበት ክፍል። ድምፃቸው ሲወጣና ሲወርድ፣ ልጅ ሆኜ ጎንደር ውስጥ በደብራችን ቅጥር ሥር ከየኔታ ፊት ተቀምጬ ንባብ የቆጠርኩበት ዘመን መጣብኝ። ዐይኔን ስገልጥ ነጭ የለበሱ፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ቄሶች ባለብዙ ቀለም ጃንጥላ ተዘርግቶላቸው ቆመዋል። ከነሱ ባሻገር ሸለቆ አለ፤ ከሸለቆው ማዶ የጥንቷ ከተማ ቅጥርና ወርቅማው ጉልላት በጧት ፀሐይ ያበራሉ። ከቄሶቹ መካከል መስቀል የያዘ አንድም የለም።

ዕለቱ ረቡዕ፣ ኅዳር 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በአይሁድ አቆጣጠር የሔሽቫን ወር 29ኛ ቀን ነው፤ ከዮም ኪፑር፣ ከስርየት ቀናቸው፣ ሲቆጠር 50ኛው። ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ የስግድን በዓል የሚያከብሩት በዚህ ቀን ነው። በጎንደርና በሰሜን ተራሮች ላይ ለዘመናት ሲያከብሩት ኖረው፣ ይዘውት እዚህ መጡ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ምክር ቤት በሕግ የአገሪቱ በዓል አደረገው። ከየከተማው የመጡ አውቶቡሶች ኮረብታው ግርጌ ተሰልፈዋል። ጥልፍ ቀሚስ የለበሱ እናቶች፣ ከዘራ የያዙ አባቶች፣ የወታደር ልብስ የለበሱና ጠመንጃ ያነገቱ ወጣቶች አርሞን ሃናጺቭ በሚባለው ኮረብታ ሣር ላይ ሞልተዋል። ወጣቶቹ እርስ በርስ በዕብራይስጥ ያወራሉ፤ እናታቸው ስትጠራቸው በአማርኛ «አቤት» ይላሉ።

ከአንዲት አሮጊት አጠገብ ቦታ አገኘሁ። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው አጣፍተዋል፤ ጉልበታቸው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ሰላምታ ተለዋወጥን።

«ጾም ነዎት፣ እናቴ?»

«እስኪሰገድ እህል ውሃ አልቀምስም። አንተስ፣ ልጄ?»

«እኔም ጾም ነኝ።»

«ለስግድ?»

«የለም፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ ደግሞም ረቡዕ ነው።»

ጥቂት ዝም አሉ። «ነቢያቱ የጾሙት ምን ብለው ነው?»

«መሢሕ ይመጣ ዘንድ።»

«እኛም እሱን ነው የምንጠብቀው» አሉኝ፣ ወደ ማዶው ጉልላት እያዩ። ድምፃቸው ውስጥ ክርክር አልነበረም። አገራቸው ርቆባቸው የኖሩ ሰው ስለሚመጣ ዘመድ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ቀጥ ብሎ የገባኝን ነገር፣ በሳምንቱ ውስጥ ባየሁት ሁሉ ስፈትነው ሰነበትኩ። እኔ የምጾመው ነቢያት ስለ ጠበቁት ተስፋ ነው፤ ተስፋው ተፈጽሟል ብዬ አምናለሁና ጾሜ በገና በዓል ይፈታል። እሳቸው የሚጾሙት ያንኑ ተስፋ ገና እየጠበቁ ነው። ሁለታችንም አፋችንን የዘጋነው ስለ አንድ ቃል ኪዳን ነው። የእኔ ጾም «መጣ» ይላል፤ የእሳቸው ጾም «ይመጣል» ይላል። ክርስትናንና አይሁድነትን የሚለየውን ነገር በመጻሕፍት ብዙ አንብቤ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ግን ከእኔ ክንድ በማይርቅ ርቀት፣ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ረኀብ ተቀምጦ አላየሁትም።

*

ኢየሩሳሌም የገባሁት ከስግድ ሁለት ቀን ቀድሜ ነበር። ያረፍኩት የኢትዮጵያ መንገድ ከሚባለው ጠባብ ጎዳና አቅራቢያ ነው። መንገዱ ላይ ክብ ሆኖ የተሠራው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት አለ፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አስጀምረውት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተጠናቀቀ ቤተ ክርስቲያን። በዚያው መንገድ ላይ፣ ዕብራይስጥን ከጸሎት መጽሐፍ አውጥቶ የገበያና የማጀት ቋንቋ ለማድረግ ዕድሜውን የፈጀው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበት ቤት ይገኛል። ጥቂት እንደተራመዱ ደግሞ ጥቁር ካፖርትና ጥቁር ባርኔጣ የለበሱ አይሁድ የሚኖሩበት መአ ሸዓሪም ይጀምራል። እኔ ዕብራይስጥ አልችልም፤ ግን በዚያ ሰፈር ስሄድ ጆሮዬ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሰላም ሻሎም ነው፣ ቤት ባይት ነው፣ ነፍስ ኔፌሽ ነው፣ ካህን ኮሄን ነው። የግእዝ ተማሪ በዚህች ከተማ ሙሉ እንግዳ አይሆንም።

ስግድ የሚለውም ቃል የራሳችን ነው፤ ከሰገደ የመጣ። ቤተ እስራኤል አገር ቤት ሳሉ የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ይሉት ነበር። እስላሙም የጸሎት ቤቱን መስጊድ ይላል። እኛ ስቅለት ዕለት ወዛችን እስኪንጠፈጠፍ የምናደርገውን ስግደት እንላለን። ሦስቱም ሃይማኖት ሰው በፈጣሪው ፊት የሚያደርገውን ነገር በአንድ ግስ ይጠሩታል፤ ግንባር መሬት ሲነካ በሦስቱም ያው ግንባር ነው። አቅጣጫው ግን ይለያያል። እኛ ወደ ምሥራቅ እንቆማለን። አይሁድ በዓለም ዳርቻ ቢሆኑ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ይመልሳሉ፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ ሲሆኑ ወደ ቤተ መቅደሱ ተራራ። ሙስሊሞች መጀመሪያ ወደዚህችው ከተማ ይሰግዱ ነበር፤ ከሂጅራ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ቂብላው ወደ መካ ዞረ።

ጫማም እንዲሁ ነው። በደብረ ገነት ደጃፍ ጫማዬን ሳወልቅ ከጎኔ ለጉብኝት የመጡ እስራኤላውያን ነበሩ፤ አስጎብኚያቸው ጫማ የሚወልቅበትን ምክንያት ነገራቸው። ሙሴ በሚነድደው ቁጥቋጦ ፊት የቆመበት ታሪክ ከነሱው መጽሐፍ ነውና ራሳቸውን ነቀነቁ። ዛሬ አይሁድ ምኩራብ ሲገቡ ጫማ አያወልቁም፤ ካህናቱ ሕዝቡን ሊባርኩ ሲቆሙ ግን ያወልቃሉ። ቤተ እስራኤል መስጊዳቸው ደጃፍ ላይ ያወልቁ ነበር፤ እኛም እናወልቃለን፣ ሙስሊሙም ያወልቃል። ከጎንደር የተነሣ ሰው ይህን ሁሉ ሲያይ፣ የሚያውቀው ቤት ውስጥ ዕቃው ቦታ ተቀያይሮ የተቀመጠ ያህል ይሰማዋል።

*

ዓርብ ቀትር ላይ በደማስቆ በር ደረጃ ላይ ተቀምጬ ወደ አል አቅሷ የሚጎርፈውን ሕዝብ አየሁ። ዓርብ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ወደ ውስጥ አይገባም፤ እኔም ከበሩ አላለፍኩም። መስገጃቸውን ጠቅልለው በብብታቸው የያዙ ሽማግሌዎች፣ የልጆቻቸውን እጅ የያዙ አባቶች፣ በመሐል ዳቦ በሰሊጥ የሚሸጥ ጎረምሳ። ከአጠገቤ የተቀመጠ አንድ አዛውንት ከየት እንደመጣሁ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ከሐበሻ አገር አልኩት። «ነጃሺ!» አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። በሙስሊሞች ታሪክ መሠረት በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ ተከታዮች ከመካ ተሰድደው ነጃሺ ወደሚሉት የአክሱም ንጉሥ መጡ፤ ስለ ዒሳ፣ ስለ ኢየሱስ፣ ምን ትላላችሁ ተብለው ሲጠየቁ ከሱረቱ መርየም አነበቡለት። ያ ንባብ እመቤታችን በድንግልና እንደ ወለደች ይመሰክራል። እኔና አዛውንቱ እዚህ ድረስ አንድ ነን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይለያል፤ እኔ የተሰቀለውንና የተነሣውን አምላክ አመልካለሁ፤ እሱ ዒሳን ታላቅ ነቢይ ይላል፣ መሰቀሉንም አይቀበልም። በዘመን ፍጻሜ ተመልሶ እንደሚመጣ ግን ያምናል። በዚህች ከተማ ሁሉም የሚመጣ ሰው ይጠብቃል።

ያን ዕለት ማታ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ወደ ምዕራባዊው ግንብ ወረድኩ። እንግዳ ራሱን ሳይሸፍን አይቀርብምና በር ላይ ነጭ ኪፓ ሰጡኝ። ግንቡ አጠገብ አንድ ወጣት ትንሽ መጽሐፍ ገልጦ ወደፊት ወደኋላ እየተወዛወዘ ያነባል፤ መዝሙረ ዳዊት ነው። እኔም ኪሴ ውስጥ ዳዊት ነበረኝ። የንስሐው መዝሙር በኛ 50ኛ ነው፣ በነሱ 51ኛ፤ የኛ አቆጣጠር ከግሪኩ ትርጉም ጋር ስለሚሄድ በአንድ ይቀድማል። ድንጋዩን ነክቼ ድምፅ ሳላሰማ ደገምኩት። ወጣቱ የሚያነበው የትኛውን እንደ ነበር አላወቅሁም፤ ሁለታችንም ግን አንድ ንጉሥ በኀጢአቱ አልቅሶ የተወልንን ቃል ይዘን፣ በአንድ ግንብ ሥር ቆመን ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ ስልክ የያዘው ሁሉ ስልኩን አጠፋ። ሰንበት ገባ። ወንዶቹ ክብ ሠርተው ዘመሩ፤ በ16ኛው መቶ ዘመን በጽፋት ከተማ የተደረሰ የሰንበት መቀበያ መዝሙር ነው። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ሁሉም በአንድነት ፊታቸውን ወደ መግቢያው አዞሩ፤ ሰንበት እንደ ሙሽራ ትገባለችና ሊቀበሏት። በዚህ ጊዜ ሰውነቴ ውርር አለኝ። የቤተ እስራኤል መጽሐፍ የሆነው ትእዛዘ ሰንበት ሰንበትን በሴት አምሳል፣ በፈጣሪ ፊት ቆማ ስለ ሰዎች የምትማልድ አድርጎ ይናገርላታል። እኛስ ብንሆን ሰንበትን «ቅድስት» ብለን እንደ ሴት አይደል የምንጠራት? የጽፋት አይሁድና የእኛ አገር ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት አልተገናኙም፤ ግን ሦስቱም ወገኖች ዕለቲቱ ስትመጣ ተነሥተው ይቀበሏታል።

*

ቅዳሜ ጧት አንድ ምኩራብ ውስጥ በእንግዳ ደንብ ከኋላ ተቀመጥኩ። በቤተ መቅደሱ ተራራ አንጻር ባለው ግድግዳ ላይ መጋረጃ የተጋረደበት ሣጥን አለ። መጋረጃው ሲገለጥ ሕዝቡ ሁሉ ብድግ አለ። የኦሪቱ ጥቅልል ወጣ፤ ከፋይ ልብስ ለብሷል፣ ራሱ ላይ የብር ዘውድ ደፍቷል፣ ከዘውዱ የተንጠለጠሉ ትንንሽ ሻኩራዎች ይንሿሿሉ። የተሸከመው ሰው በመሐል ሲያልፍ ሁሉም የልብሱን ጫፍ አስነክቶ ጫፉን ይስማል። እኔ ምን እንዳየሁ ለማንም ኢትዮጵያዊ መናገር አያስፈልገኝም። ጥምቀት ነው። ታቦቱ ከመቅደስ ሲወጣ፣ ጎንደር ሁሉ ሲንበረከክ፣ ወደ ፋሲለደስ መጠመቂያ ሲወርድ። እልል ማለት ዳድቶኝ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ከዚያ ግን ልዩነቱ መጣ፤ እሱም ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ጥቅልሉን ጠረጴዛ ላይ አኖሩት፣ ልብሱን ገፈፉት፣ ዘርግተው በብር አመልካች ፊደል በፊደል እየተከተሉ አነበቡት። ከንባቡ ጋር ለሕዝቡ ሁሉ ገልጠው ከፍ አድርገው አሳዩት። የነሱ ቅዱስ ነገር የሚገለጥ ነው፤ ቃል ነው፣ ይነበባል፣ ይታያል። የእኛ ታቦት አይገለጥም። ከካህን በቀር ማንም አያየውም፤ ሲወጣም ተሸፍኖ ነው። ምክንያቱም ለእኛ ታቦት የሕጉ ማኖሪያ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ሥጋውና ደሙ የሚፈተትበት መሠዊያ ነው። አይሁድ ቤተ መቅደሳቸው በ70 እ.ኤ.አ. በሮማውያን ከፈረሰ ወዲህ መሥዋዕት አቁመው ጸሎትን በቦታው ተክተዋል። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የፋሲካውን በግ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ያርዱ ነበር። እኛ ደግሞ መሥዋዕቱ አንድ ጊዜ ቀረበ፣ ከእንግዲህ የሚታረድ በግ የለም ብለን፣ ያንኑ አንዱን በየቅዳሴው እንቀበላለን። ክርስትና ከአይሁድነት የሚለይበትን ቦታ በጣት ጠቁም ብባል የምጠቁመው ይህንን ነው። በሌላው ሥርዓት ብዙ እንመሳሰላለን። በቁርባን ግን ማንም ከማንም ጋር አይምታታም።

ይህን መመሳሰል እንግዳ ሰው ሲያይ «እናንተ ክርስቲያን ናችሁ ወይስ አይሁድ?» ማለቱ አዲስ አይደለም። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. ለኢየሱሳውያን የጻፈው የሃይማኖት መግለጫ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ቅዳሜን የምናከብረው አይሁድ እንደሚያከብሩት፣ ውሃ ሳይቀዱና እሳት ሳያነድዱ አይደለም፤ ቅዳሴ ቀድሰን፣ ማዕድ አዘጋጅተን ነው አለ። ግዝረትም የአገር ልማድ እንጂ የሙሴ ሕግ ግዴታ አይደለም፤ እሪያም ቢሆን የሚበላ አይኮነንም፣ የማይበላም አይገደድም አለ። የጻፈው በ30ዎቹ ዕድሜ ሳለ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ በጦር ሜዳ ወደቀ። ይህን ደብዳቤ ባነበብኩ ቁጥር የሚማርከኝ አንድ ነገር ነው፤ የራሱን ለመግለጥ የሌላውን አላዋረደም።

የእኛ ሊቃውንትም ከአይሁድ አቆጣጠር ጋር ጨርሰው አልተቋረጡም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ፋሲካን ለማውጣት መጥቅዕን ይፈልጋል፤ በዓለ መጥቅዕ የአይሁድ ዘመን መለወጫ፣ የቀንደ መለከት በዓል ነው። የኒቅያ ጉባኤ በ325 እ.ኤ.አ. ትንሣኤ ሁልጊዜ በእሑድ እንዲውል ወሰነ፤ ቢሆንም የእኛ ቀማሪ እስከ ዛሬ የትንሣኤን መንገድ የሚያገኘው በአይሁድ መለከት ድምፅ በኩል ነው። የስግድም ቀን፣ የፋሲካችንም ቀን በአንዲት ጨረቃ ይንቀሳቀሳሉ።

*

ዴር ሡልጣንን ሳልናገር አላልፍም። በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ፣ በቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጉልላት ዙሪያ፣ መነኮሳቶቻችን በጭቃ በተለሰኑ ትንንሽ ጎጆዎች ይኖራሉ። ከጸሎት ቤቶቹ አንዱ ውስጥ ንግሥተ ሳባ ሰሎሞንን ስትጎበኝ የሚያሳይ ሥዕል አለ። በ1838 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ገብቶ መነኮሳቱን ፈጅቷቸዋል። ስለ ቦታው ከቅብጦች ጋር ያለው ክርክር ዘመናት ተሻግሯል፤ በ1970 እ.ኤ.አ. በትንሣኤ ሌሊት የበሮቹ ቁልፍ ተቀይሮ ጸሎት ቤቶቹ ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ ገቡ። ከአይሁድ የሚለየን ሃይማኖት ነው። ከቅብጦች ጋር ግን ሃይማኖታችን አንድ ነው፤ ያጣላን በር ነው። ከታች ያለው የታላቁ ቤተ ክርስቲያን በር ቁልፍ ደግሞ ለዘመናት በሁለት ሙስሊም ቤተሰቦች እጅ ነው፤ አንዱ ቤተሰብ ቁልፉን ይጠብቃል፣ ሌላው በሩን ይከፍታል። ጎጆው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ዳዊት የሚደግሙትን አባት ስለዚህ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እኛ የምንጸልየው ጣራ ላይ ነው፤ ለሰማዩ እንቀርባለን» ብለው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

እሑድ ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ነበረች። ደብረ ገነት ቅዳሴ አስቀደስኩ። ብዙዎቹ በዚያች አገር በየቤቱ አረጋውያንን የሚጦሩ፣ ሌሊቱን ሥራ አድረው የመጡ እኅቶች ነበሩ። ሰባኪው ጽዮን ስለሚለው ስም አስተማረ። ጽዮን የሚባለው ተራራ ከዚያ በእግር የሚደረስ ነው። ለአይሁድ ጽዮን ምድር ናት፣ ይመለሱባት ዘንድ ሁለት ሺህ ዓመት ያለቀሱላት። ለእኛ ጽዮን ታቦቷ ናት፤ ታቦቷም አማናዊውን መና በማሕፀኗ የያዘች እመቤታችን ናት። አንዱ ስም ለአንዱ ወገን ቦታ፣ ለሌላው እናት ሆነ። ቅዳሴው ሲያልቅ እኅቶቹ እየተቃቀፉ አለቀሱ፤ እኔም ያለቀስኩት ስለ ትምህርቱ ይሁን ስለ እነሱ ለይቼ አላውቅም።

*

ወደ ረቡዕ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነውና።

ንባቡ ከግእዝ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ትግርኛ ተተረጎመ። ከነህምያም ተነበበ፤ ከባቢሎን የተመለሱት ሰዎች ማቅ ለብሰው የአባቶቻቸውን ኀጢአት የተናዘዙበት ክፍል። በሱዳን መንገድ የሞቱትም ታሰቡ። ቤተ እስራኤልን ከሱዳን ወደ እስራኤል ካጓጓዘው ከ1984 እ.ኤ.አ. ዘመቻ ሙሴ በፊትና በዚያ ወቅት በእግራቸው ወጥተው በምድረ በዳና በመጠለያ የቀሩት በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። አጠገቤ ያሉት እናት ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ሳቡ። ማን እንደ ቀረባቸው አልጠየቅሁም።

«ከጎንደር የት ነህ?» አሉኝ ትንሽ ቆይተው።

«ከከተማው።»

«እኔ የአምቦበር ነኝ።»

ፊቴ ላይ የመጣውን ሙቀት እሳቸው አዩት አላዩት እንጃ። ልጅ ሆኜ አያቴ ወጥ የምትሠራበት ድስት የወለቃ ነበር፤ ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚርቅ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር። በዚያ ድስት አድገን፣ የሠሩትን ሰዎች ግን ቡዳ ናቸው እንል ነበር። ፈላሻ እንል ነበር፤ መጻተኛ፣ ምድር የሌለው ለማለት። ባልተጠመቀ ሰው ርስት አይወረስም ተብሎ ብዙዎቹ መሬት አልነበራቸውምና አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ ሆኑ፤ አንጥረኛ በመሆናቸው ደግሞ ቡዳ ተባሉ። እነሱም በበኩላቸው ከእኛ ጋር ከተነካኩ በውሃ ታጥበው ነበር ወደ መንደራቸው የሚገቡት፤ «አትንኩኝ» ይባል ነበር ሥርዓቱ። አንዱን ኦሪት በአንዱ ግእዝ የሚያነቡ፣ አንዱን ሰንበት የሚያከብሩ፣ ልጃቸውን በስምንተኛው ቀን የሚገርዙ ሁለት ሕዝቦች እጅ ለእጅ አይነካኩም ነበር። እዚህ ከመጡ በኋላ ደግሞ የዚህች አገር ሃይማኖት መሪዎች አይሁድነታቸውን እንዲያረጋግጡ በውሃ መጠመቅ አለባችሁ አሏቸው፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ዋናው ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ አይሁድ ናቸው ብለው ፈርደውላቸው ሳለ። አገር ቤት አይሁድ ናችሁ ተብለው ተገፉ፤ እዚህ አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል ተባሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ጾማቸውን አልፈቱም።

«አሁን ኢየሩሳሌም ገብታችኋል» አልኳቸው። «አምቦበር ላይ ወደዚህ ዞራችሁ ስትሰግዱ የለመናችሁትን አግኝታችኋል። ዛሬ የምትለምኑት ምንድን ነው?»

በአገጫቸው ማዶውን አሳዩኝ። «ቤቱ የታለ? ገና ነው እኮ።»

ቀትር ካለፈ በኋላ ጸሎቱ አበቃ፤ ቄሶቹ በጃንጥላቸው ሥር ሆነው ወረዱ፣ እልልታው ሸለቆውን ሞላው፣ ከበሮ ተመታ። ሰዉ በየሣሩ ላይ ማዕዱን ዘረጋ። እናቲቱ ጉልበታቸው ላይ የነበረውን ጨርቅ ፈቱት፤ በኮባ ባይሆንም እንደ አገር ቤት ድፎ ወፍራም ሆኖ የተጋገረ፣ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ዳቦ ነው። በእጃቸው ቆረሱና ዘረጉልኝ።

«እናቴ፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነኝ።»

«እንዲያ ነው?» ቁራሹን አልበሉትም፣ ወደ ጨርቁም አልመለሱትም። በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ልጃቸው መጥቶ አውቶቡሱ እየሞላ ነው አላቸው በዕብራይስጥ። «ቆይ» አሉት በአማርኛ።

ተቀምጠን አወራን፤ ስለ አምቦበር ብርድ፣ ስለ ጎንደር ገበያ፣ ስለ በርበሬ ዋጋ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነጠላቸውን ፈትተው ዳቦውን ሰጡኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ጣታቸው እጄን ነካው፣ ይዘውም ቆዩ።

«እንግዲህ አገር ስትገባ ንገረኝ» አሉ፣ እንደሚገናኝ ሰው። «አምቦበር ላይ ያ የምንሰግድበት ኮረብታ፣ አሁን ማን ይሰግድበታል?»

አላውቅም ነበር። ባሕር ተሻግሬ ኢየሩሳሌምን ተሳልሜያለሁ፤ ከተወለድኩበት ከተማ ብዙም የማይርቀውን አምቦበርን ግን አንድ ቀን እንኳ ረግጬው አላውቅም።